ቼስ ላይ ሁለት አካውንት መክፈት ይቻላል ወይ?

ደብረ ማርቆስ ቅዳሜ ከሰዓት የምንሰባሰብባት ሻይ ቤት አለች። ሰሌዳ ያለን ሁለት ነው፣ ሰዉ ግን ዐሥር ዐሥራ አምስት ይሆናል፣ ስለዚህ ተራው ያልደረሰ ስልኩን አውጥቶ ኦንላይን ሲጫወት ይቆያል። ባለፈው አንዱ ልጅ ኩምሽሽ ብሎ መጣና "ጋሼ አካውንቴን ዘጉት" አለኝ። ምን አድርገህ ስለው "ምንም! ከአንድ በላይ አካውንት አለህ ነው የሚሉት" አለ። አለህ ወይ ስለው ትንሽ አሰብ አደረገና ሦስት ቆጠረልኝ። አንዱ ስልክ ቤት ያለው ልጅ ባወጣለት ጂሜይል የተከፈተ ነው፣ ፓስወርዱን አሁን እግዜር ነው የሚያውቀው። ሁለተኛው ሬቲንጉ፣ ማለት የችሎታ ነጥቡ፣ ወርዶ ወርዶ ሲያናድደው የተወው ነው። ሦስተኛው የታላቅ ወንድሙ ነው ግን ወንድሙ ሥራ ሲውል እሱ ይጫወትበታል። በሱ ቤት እንግዲህ ምንም አላደረገም።

ከዛ ቀን ወዲህ ይችን ነገር ያልጠየቀኝ ሰው የለም፣ አንዱ ይቻላል ይላል አንዱ ያስቀጣል ይላል፣ የሚገርመው ሁለቱም ልክ ናቸው ምክንያቱም የሚያወሩት ስለተለያየ ሳይት ነው። እና አንዴ ቁጭ ብየ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ የሚጠይቀኝን ሁሉ አንብብ እለዋለሁ ብየ ነው።

እኛ አካባቢ ሰው በብዛት የሚጫወተው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ቼስ ዶት ኮም ነው፣ በፈረንጅ 2007 የተጀመረ የአሜሪካ ኩባንያ፣ በነጻ ትጫወታለህ ግን ማስታወቂያ አለው፣ ተጨማሪ ነገር ከፈለግህ ትከፍላለህ። ሌላው ሊቼስ ነው፣ ቲቦ ዱፕሌሲ የሚባል ፈረንሳዊ ፕሮግራመር በፈረንጅ 2010 የጀመረው፣ ሁሉ ነገሩ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ሰው በሚያዋጣው ገንዘብ ነው የሚተዳደረው። ኩባንያም አይደል፣ ፈረንሳይ ውስጥ የተመዘገበ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው።

ቼስ ዶት ኮም ላይ ነገሩ አጭር ነው፦ ለአንድ ሰው አንድ አካውንት። በቃ። ሁለተኛ ከፈትክ ማለት ባታጭበረብርበትም ደንብ ጥሰሃል። ሊቼስ ላይ ግን ላላ ይላል፣ ከአንድ በላይ መክፈት አልተከለከለም፣ ግን በልኩ ነው፣ ደግሞም እንዳትሠራበት የተከለከሉ ነገሮች አሉ፣ ለምሳሌ በሁለቱም አካውንትህ አንድ ውድድር ላይ መግባት፣ ራስህን ከራስህ ማጫወት፣ ስትቀጣ በሌላኛው መቀጠል፣ እንዲሁ አካውንት እያባዙ መሄድ፣ እነዚህ ሁሉ ያስቀጣሉ።

እኔ ይህን ለሰው ሳስረዳ በእቁብ ነው የማስረዳው። እቁብ ላይ አንድ ሰው ሁለት እጣ ይገባል አይደል? ማንም አይከለክለውም፣ ዳኛውም ጸሐፊውም ያውቁታል፣ ሁለት ይከፍላል ሁለት ይወስዳል። አንዳንድ እቁብ ደግሞ አለ፣ አይ እኛ ጋ አንድ ሰው አንድ እጣ ብቻ ነው የሚል፣ እሱም መብቱ ነው። ሊቼስ እንደ መጀመሪያው ነው፣ ቼስ ዶት ኮም እንደ ሁለተኛው። የትኛውም እቁብ ላይ ግን በሌለ ሰው ስም እጣ አስገብተህ ቀድመህ በልተህ ብትጠፋ የሚምርህ የለም።

ለምን ይጨነቃሉ ግን? ነጻ ነገር አይደለም ወይ፣ መቶም ብንከፍት ምናቸው ነው? ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

ሬቲንግ የሚባለው ቁጥር የአንተ ንብረት ይመስልሃል፣ ሲወጣ ደስ ይልሃል ሲወርድ ትበሳጫለህ። ግን ቁጥሩ የተሠራው ላንተ ሳይሆን ከፊትህ ለሚቀመጠው ሰው ነው። አርፓድ ኤሎ የሚባል ሃንጋሪ የተወለደ አሜሪካ የኖረ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነው ዘዴውን የቀመረው፣ የዓለም ቼስ ፌዴሬሽን ፊዴም በፈረንጅ 1970 ተቀበለው። ዘዴው የሚለው ምንድነው፣ የሁለት ሰው ቁጥር ልዩነት ማን ስንት እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይናገራል። የ200 ነጥብ ልዩነት ካለ ጠንካራው ከ100 ጨዋታ ወደ 76 ነጥብ ያገኛል፣ 400 ከሆነ ወደ 91። ቼስ ዶት ኮም ግሊኮ የሚባለውን ነው የሚጠቀመው፣ ሊቼስ ደግሞ ግሊኮ 2ን፣ ሁለቱንም ያወጣው ማርክ ግሊክማን የሚባል አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ሰው ነው፣ የኤሎን ሐሳብ ይዞ አንድ ነገር ነው የጨመረበት፦ ቁጥሩ ምን ያህል የታመነ ነው የሚለውን። ለዛ ነው አዲስ ሰው ስትሆን ባንድ ጨዋታ መቶ ምናምን ነጥብ ዘለህ የምትወጣው ወይ የምትወድቀው፣ ሲስተሙ ገና አላወቀህማ። ሊቼስ ላይ ሁሉም ሰው 1500 ላይ ይጀምርና ከቁጥሩ አጠገብ የጥያቄ ምልክት ይደረግለታል፣ እስኪታወቅ ድረስ።

እንግዲህ አንተ የ1900 ሰው ነህ እንበል። አዲስ አካውንት ከፈትህና ሆን ብለህ ተሸንፈህ ተሸንፈህ 1200 ላይ ተቀመጥክ። ከፊትህ የሚመጣው እውነተኛ የ1200 ሰው ነው፣ ምናልባት ዳንግላ ወይ ቡሬ ያለ ተማሪ፣ ካርዱን ቆጥቦ ዳታ ሞልቶ የገባ። በኤሎ ሂሳብ 700 ነጥብ ልዩነት ማለት አንተ ከ100ው 98ቱን ትወስዳለህ ማለት ነው። እሱ ደግሞ ከእኩያው ጋር የተጫወተ ይመስለዋል! ተሸነፈ፣ ቁጥሩ ወረደ፣ "እኔ ቼስ አይሆንልኝም" አለ። አንድ ቀን ከሆነ ምንም አይደለም፣ ግን ይህን የሚያደርገው ብዙ ሰው ሲሆን ቁጥሩ ለማንም ምንም አይናገርም ማለት ነው።

ይህን ፈረንጆቹ ሳንድባጊንግ ይሉታል። እኛም ቃል ባይኖረን ነገሩን አሳምረን እናውቀዋለን፣ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ ጺሙን ተላጭቶ የሚሰለፈውን ልጅ ያላየ ማን አለ፣ ልጆቹ ቤት ይጠብቁታል እሱ ታዳጊ ነኝ ይላል። ከ1500 በታች የሚባል ውድድር ላይ ዝቅ ባለ አካውንት የሚገባ ሰው በትክክል እሱ ነው፣ ሽልማት ካለው ደግሞ ስርቆት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

የዚህ ግልባጭ ደግሞ አለ፣ ራስን በነጥብ ከፍ ማድረግ። ሁለት አካውንት ከፍተህ አንዱን ለሌላው ማረድ ነው፣ በሦስተኛው እንቅስቃሴ እጅ ይሰጣል፣ ዋናው አካውንት ነጥብ ይሰበስባል። ጤፍ ገበያ ላይ የራሱን ሰው ልኮ "በዚህ ዋጋ ወስጃለሁ" እያስባለ ዋጋ የሚያስወጣውን ነጋዴ አስቡት። ይህ እንኳ ለመያዝ ቀላሉ ነው። ሁሌ ያው ሁለት ሰው፣ ሁሌ ያው ሰው አሸናፊ፣ ጨዋታው ሁሌ አጭር፣ ኮምፒውተሩ ያለ ሰው እርዳታ ያየዋል። እኔ እንደው የማይገባኝ ለምን እንደሚለፉ ነው፣ 2300 አስመስለህ ወጥተህ መጀመሪያ የገጠመህ እውነተኛ 2300 በ20 እንቅስቃሴ ቤትህን ያፈርሰዋል፣ ነጥቡም ተመልሶ ይወርዳል።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው፦ ተቀጥቶ በሌላ ስም መመለስ። በኢንጅን ማለትም እንደ ስቶክፊሽ ባለ ቼስ በሚጫወት የኮምፒውተር ፕሮግራም ታግዞ ሲጫወት ተይዞ አካውንቱ የተዘጋበት ሰው፣ ያኔውኑ አዲስ ከፍቶ ይገባል። ይህን ሁለቱም ሳይት አይፈቅድም፣ ሊቼስም ቢሆን፣ ላላ ይላል ያልኩት እዚህ ላይ አይሠራም። በነገራችን ላይ አጭበርባሪ ሲያዝ ሁለቱም ሳይት ላይ በሱ የተሸነፉ ሰዎች ያጡትን ነጥብ ይመለስላቸዋል። አንዳንዴ ሳትጫወት "ነጥብ ተመልሶልሃል" የሚል መልእክት ካያችሁ እሱ ነው፣ ደስ ይላል።

እዚህ ላይ ሁሌ አንድ አዋቂ ይነሳና "ማግነስ ካርልሰን ራሱ ሊቼስ ላይ ስንት አካውንት አይደል እንዴ ያለው?" ይለኛል። ካርልሰን የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኖርዌያዊ ነው፣ ሰውየውም እውነቱን ነው። ዶክተር ድራንከንስታይን፣ ዶክተር ኒክተርስታይን፣ እንደዚህ የመሳሰሉ ስሞች የሱ ናቸው፣ ዓለም ያውቃቸዋል። ግን ልዩነቱን እዩት፣ ከስሞቹ አጠገብ ግራንድ ማስተር የሚል ማዕረግ ተለጥፏል፣ ሬቲንጋቸውም ሰማይ ነው። ማንም ሰው ደካማ መስሎት አልገጠመውም። ስሙ ቀልድ ነው ጉልበቱ ግን እውነተኛ። ጎጃም ውስጥ ሰምና ወርቅ ለማንም ማስረዳት የለብኝም፣ ካርልሰን ቅኔውን ሲዘርፍ ወርቁን የማያውቅ አልነበረም፣ ሳንድባገሩ ግን ወርቁን ለራሱ ብቻ ደብቆ ሰሙን ላንተ የሚሰጥህ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ፣ "እንዴት አወቁ?" ነበር ያለኝ። ፋይዳ ላይ ሁለቴ ልመዝገብ ብትል አሻራህና አይንህ ያጋልጥሃል፣ ቼስ ሳይት ግን አሻራ አይወስድም። ስለዚህ ከሌላ ሌላ ነገር አሻራ ይሠራልሃል። የምትገባበት አይፒ አድራሻ፣ ኢንተርኔት ላይ የምትታይበት ቁጥር ማለት ነው፣ እሱ አለ፣ ስልክህ ወይ ብራውዘርህ የሚተወው ምልክት አለ፣ ኢሜይልህ አለ፣ የአጨዋወትህ ልማድ አለ፣ ጨዋታ ሁሌ የምትጀምርበት መንገድ፣ ስንት ሰዓት እንደምትገባ፣ ጊዜህን እንዴት እንደምታባክን። ሳይቶቹ ሙሉውን አይናገሩም፣ ቢናገሩ ሌባው ያነበዋል። አንዱ ምልክት ብቻውን ብዙም አይደለም፣ አራት አምስቱ ሲገጣጠም ነው ጉዳዩ።

አይፒ ላይ ግን ሰው ያለቅጥ ይፈራል። የሞባይል ኔትወርክ ብዙ ሰውን ባንድ አይፒ ስር ነው የሚያሰልፈው፣ የካምፓስ ዋይፋይም እንደዛው፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ወይ ፔዳ ግቢ ዶርም ውስጥ ሃያ ሰው ቢጫወት ከውጭ የሚታየው እንደ አንድ ቤት ነው። በኛ አቆጣጠር በ2015 ክረምት ሞባይል ዳታ ሲጠፋብን ደግሞ ዋይፋይ ያለበትን ቤት እየፈለግን እንደ ንብ ነበር የምንሰፍርበት። ሳይቶቹ ይህን ያውቃሉ፣ ትምህርት ቤት አለ ቤተሰብ አለ ካፌ አለ፣ አይፒ ስለተጋራህ ብቻ ወንጀለኛ አትባልም። አይፒህን የሚቀይርልህ ቪፒኤንም ቢሆን በራሱ ማጭበርበር አይደለም፣ ግን ያ አይፒ ላይ ካንተ በፊት ማን እንደነበረ አታውቅም፣ የነጻው ቪፒኤን ደግሞ የባሰ ነው፣ ስለዚህ ለቼስ ሲሆን ባይኖር ይሻላል።

ቆይ ግን። የኛ ሰው ችግር እኮ አንድ ሰው ብዙ አካውንት መያዙ ብቻ አይደለም፣ በብዛት ያየሁት ተቃራኒውን ነው፣ አንድ አካውንት ለብዙ ሰው። ስልኩ አንድ ነው ወንድማማቾች ይቀባበሉታል። ሻይ ቤት ደግሞ አንዱ ከፍቶ ይጀምርና "እስኪ አምጣው" ተብሎ ይነጠቃል፣ አራት ሰው ከኋላ ቆሞ "ፈረሱን! ፈረሱን እኮ ነው የምልህ!" ይላል። ልጁ ሲጫወት 1100 ነው፣ ወንድሙ ሲመጣ 1700 ነው፣ ያ ምስኪን ቁጥር መሐል ላይ 1400 ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የልጁም አይደል የወንድሙም አይደል። ማንም እንዳይመስለው፣ አካውንት መዋዋስ ሁለቱም ሳይት ላይ ክልክል ነው፣ በጨዋታ መሐል ከሰው ምክር መቀበልም ያው ከኢንጅን እንደመቀበል ነው የሚቆጠረው።

ይህ ለኛ ሰው ከባድ ነው፣ አልደብቅም። ድሮ አያቶቻችን የኛውን ቼስ፣ ሰንጠረዥን ሲጫወቱ፣ ደርና ፈርዝና መደቅ የሚባሉ ጠጠሮች ያሉትን፣ ተመልካቹ ዝም አይልም ነበር፣ ከቦ ይመክራል ይጮሃል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ መንገደኞች ሳይቀሩ ጽፈውታል። ጨዋታው ሲጀመር ራሱ ወረራ የሚሉት ነገር ነበረው፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፣ ሁለቱም እንደፈለጉ ነው የሚያንቀሳቅሱት፣ እኔ በበኩሌ ያ ቢመለስ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ያ ጨዋታ ሬቲንግ አልነበረውም። ሬቲንግ ባለበት ቦታ ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ጭንቅላት አንድ መሆን አለበት፣ ሁለት አካውንት የተከለከለበትም አንድ አካውንት ለሁለት የተከለከለበትም ምክንያት ይኸው አንዱ ነው። እንዲህ ሳስረዳው ነው ልጁም ዝም ያለው፣ የመጀመሪያው ላይ ሲከራከረኝ ነበር።

እሽ ምን እናድርግ ካላችሁ፣ ሰው ሁለተኛ አካውንት የሚከፍትበትን ምክንያት አንድ በአንድ ብታዩት አብዛኛው አካውንት የማያስከፍት ነው።

ፓስወርድ ጠፋ? በኢሜይል ታስመልሰዋለህ፣ ዋናው ችግር ኢሜይሉም የጠፋ መሆኑ ነው፣ ስልክ ቤት የሚወጣ ጂሜይል የሚሉት ጉድ። ዛሬውኑ ሂዱና የራሳችሁን ኢሜይል አስገቡበት፣ ፓስወርዱንም የሆነ ደብተር ላይ ጻፉት። ስሙ አስጠላህ? ቼስ ዶት ኮም ላይ አንዴ መቀየር ትችላለህ፣ ሊቼስ ላይ አይቻልም፣ ትልቅና ትንሽ ፊደሉን ብቻ ነው የሚያስቀይርህ። አዲስ የጨዋታ አጀማመር ልትሞክር ነው ነጥብ ግን እንዳይወርድብህ? ነጥብ የማይያዝበት ጨዋታ ሁለቱም ጋ አለ። ሊቼስ ላይ እንዲያውም ጭራሽ ሳትመዘገብ፣ ስም የለ ምን የለ፣ ገብተህ መጫወት ትችላለህ። ሻይ ቤት ተሰብስበን "ፈረሱን!" የምንባባልበት ጨዋታ፣ ከፊታችን ያለውም አውቆ ከተስማማ፣ ቦታው እሱ ነው።

ሬቲንጉ ሲወርድ እንቅልፍ የሚነሳው ሰውም አለ፣ እኔ ራሴ አንዱ ነኝ፣ የዛሬ ስንት ዓመት ባንድ ሌሊት 150 ነጥብ ጥየ አዲስ አካውንት ልከፍት እጄ ሲበላኝ ነበር። ሊቼስ ሴቲንጉ ውስጥ ሬቲንግ እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል፣ የራስህም የሌላውም አይታይህም፣ ዜን ሞድ የሚባልም አለ ስሙንም ቁጥሩንም ከፊትህ የሚያነሳልህ። እሱን ካደረግሁ ወዲህ ሚስቴም አርፋለች።

ፕሮግራም የምትጽፉ የካምፓስ ልጆች ደግሞ ኢንጅን ሠርተን ልናጫውት ብንል ላላችሁኝ፣ ሊቼስ ለዛ የተፈቀደ ነገር አለው፣ ቦት አካውንት ይባላል። አንድም ጨዋታ ያልተጫወተ አዲስ አካውንት ትከፍቱና ወደ ቦት ትቀይሩታላችሁ፣ ከስሙ ፊት ቦት ተብሎ ይጻፍበታል፣ የሚገጥመውም ሰው ማሽን መሆኑን አውቆ ይገጥማል። አንዴ ከቀየራችሁት ግን መመለስ የለም፣ በዋናው አካውንታችሁ እንዳትሞክሩት።

መምህራንም ጠይቃችሁኛል፣ ሠላሳ ልጅ አለኝ ኢሜይል የላቸውም፣ እኔ ሠላሳ አካውንት ብከፍት አይዘጉብኝም ወይ ብላችሁ። ሊቼስ ላይ ክላስ የሚባል ክፍል አለ፣ መምህሩ ራሱ ያለ ኢሜይል ለተማሪዎቹ ባንዴ አካውንት ያወጣላቸዋል፣ ልጆቹም ከማያውቁት ሰው ጋር እንዳይጻጻፉ ይዘጋላቸዋል። አንድ በአንድ ከመክፈት በዚህ ብትገቡ ጣጣ የለውም፣ ሠላሳው አካውንት ሠላሳ ልጅ እንዳለው የሚታወቅ ነው።

እና የተዘጋበት ምን ያድርግ? አንደኛ፣ አዲስ አትክፈት። ይህን ካልኩ በኋላ ከፍተው የመጡ አሉ፣ እባካችሁ። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ሳይት ይግባኝ ይቀበላል፣ ሂድና ጻፍ። ስትጽፍ አታልቅስ፣ አትሳደብ፣ "እኔ ንጹሕ ነኝ" ብቻ ብለህም አትለፍ፣ ያሉህን አካውንቶች በሙሉ በስማቸው ዘርዝርና የትኛውን ማን እንደተጫወተበት፣ ለምን እንደተከፈተ፣ የትኛው እንዲቀርልህ እንደምትፈልግ ንገራቸው። በእንግሊዝኛ ነው፣ የተሰባበረም ቢሆን ይገባቸዋል።

የኛው ልጅ እንደዛ አድርጎ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አብረን ጻፍነው፣ ሦስቱንም። ወንድሙንም ደውለን አስፈቅደነዋል፣ ያ አካውንት የሱ እንደሆነና ከእንግዲህ እሱ ብቻ እንደሚገባበት። መልሱ በስንተኛው ቀን እንደመጣ ረሳሁት፣ አንዱን መለሱለት። ሬቲንጉ 1100 ነው። "ጋሼ ይኸ እኮ የድሮው ነው፣ አሁን ከዚህ እበልጣለሁ" አለኝ። እንግዲያውስ ተጫወትና አሳያቸው አልኩት፣ እሱም ዳታ ስጠኝ አለኝ።